ከደጅ የበቀለና ከድንበር የመጣ፦ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የምግብ ታሪክ

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከዓመታት በፊት ለመስክ ሥራ ወደ አብርሃ ጅራ ወርጄ፣ ለአንድ ሳምንት ያሰብኩት ቆይታ ወደ ሦስት ሳምንት ተራዘመብኝ። ምክንያቱ ክረምቱ ነበር። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የምትገኝበት ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ በነሐሴ ዋልካ ሆኖ የመኪና ጎማ ይውጣል። ወንዞቹ ሲሞሉ ከተማዋ ባሕር ሳይኖራት ደሴት ትሆናለች። ወደ ጎንደር የሚወጣ የለም፤ ከጎንደርም የሚወርድ የለም።

ያረፍኩት በአንዲት እናት ቤት ነበር። በጓዳቸው ግድግዳ ሥር ካለፈው ዓመት ምርት የተረፈ የሰሊጥ ጆንያ ተደርድሯል፤ ዋጋው ይሻሻል ይሆናል ተብሎ የተቀመጠ ነው። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበር ቅቤ የሚነካ አልነበረም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የወጥ ዘይት አለቀ። ሱቅ ተጠየቀ፤ መኪና ካልገባ አይኖርም ተባለ። ልጃቸው ከጎረቤት እንዲያመጣ ብርጭቆ ይዞ ሄደ፤ ብርጭቆውን ባዶ ይዞ ተመለሰ። በምድጃው አጠገብ የወደቀው ባዶ ጀሪካን ላይ ዘይቱ ከማሌዥያ እንደ መጣ ተጽፏል። እናትየው ጀሪካኑን አየት አድርገው፣ ወደ ጆንያዎቹ ዞረው ሳቁና «አየህ መምህር፣ የዘይት አገር ሆነን ዘይት እንለምናለን» አሉኝ። ከዚያም ከአንዱ ጆንያ ሁለት እፍኝ ዘግነው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው የሰሊጥ ፍትፍት አበሉን።

የዛሬው ንግግሬ የተወለደው ከዚያች ጠዋት ነው። በአገር የበቀለን ምግብ መብላት ይሻላል ወይስ ከውጭ የገባውን መግዛት የሚለው ክርክር በየአገሩ የታወቀ ነው፤ በተለይም ደሴቶች ላይ ይበረታል። እኔ ክርክሩን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ማለትም ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ወስጄ በታሪክ ልመረምረው እፈልጋለሁ። የምደርስበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የዚህ ቆላ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሕዝብን ከረሃብ የጠበቀው የሰብሉ ዘር የአገር ልጅ መሆኑ ወይም ባዕድ መሆኑ አልነበረም። የጠበቀው፣ በር በሚዘጋበት ጊዜ ከምርቱ ውስጥ በእጁ የቀረው እህልና ያንን እህል ምግብ ለማድረግ የሚያስችለው መሣሪያ ነው።

በመጀመሪያ «የአገር» የሚለውን ቃል እንመርምር። በቆላው ማሳ ላይ ዛሬ ጎን ለጎን የሚበቅሉት ሁለቱ ዋና ሰብሎች ማሽላና ሰሊጥ ናቸው። ማሽላ በእርግጥ የዚህ ምድር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የቀረውን የገለባ አሻራ መርምሮ፣ ሰው ማሽላን ማላመድ የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ሺህ ዓመት መሆኑን አመልክቷል። ያ ስፍራ የአትባራ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ አንገረብም ተከዜም ውሃቸውን የሚያፈሱት ወደዚያው ነው። ስለዚህ የአብርሃ ጅራ ገበሬ ማሽላ ሲዘራ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ የማሽላ እርሻዎች ጋር በአንድ የወንዝ ሥርዓት ላይ ቆሞ ነው።

ሰሊጥ ግን እንግዳ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በብዛት እንደሚስማሙበት፣ ሰሊጥ የተላመደው በሕንድ ክፍለ አህጉር ነው። ወደ እኛ የመጣው በጥንት ዘመን ስለ ሆነ እንግድነቱ ተረሳ እንጂ፣ ከውጭ የገባ ነው። የደጋው የአገር ልጅ የቅባት እህል ኑግ ነው፤ እሱም በተራው ወደ ሕንድ ተሻግሮ ዛሬ እዚያ በሰፊው ይመረታል። ጤፍም የደጋ ልጅ ነው። በቆላ ከተሞች ገበታ ላይ የሚቀርበው የጤፍ እንጀራ ብዙውን ጊዜ ጤፉ ከደጋ ተጭኖ የወረደ ነው። እንግዲህ በአብርሃ ጅራ አንድ ሰው በጤፍ እንጀራ የሰሊጥ ፍትፍት ቢበላ፣ ከደጋ የመጣ እህል ከሕንድ ከመጣ ዘር ጋር በላ ማለት ነው። የዘር ሐረግ ቆጠራ ሩቅ አያደርሰንም። ስለዚህ ሌላ መለኪያ እንፈልግ፤ መለኪያውንም ከታሪኩ ውስጥ እናውጣ።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ዘመን መናገሻ ከሆነች በኋላ፣ ወደ ስናር የሚወርደው የንግድ መንገድ በዚህ ቆላ አልፏል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲሻገር ያለፈው፣ በዘመኑ ራስ ኤል ፊል በተባለው በዚሁ በመተማ አገር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መተማ ታላቅ የድንበር ገበያ ሆነች። ገበያውን ያቋቋሙትና የሚያስተዳድሩት ተክሩሪ የተባሉት ከምዕራብ ሱዳንና ከዚያም ወዲያ መጥተው የሰፈሩ ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1862 በስፍራው የተገኘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እንደ ጻፈው፣ የተክሩሪ ሼኽ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ግብር ይከፍል ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ለገበያው ሰላም የሚከፈል ዋጋ ነበር።

በዚያ ገበያ ምን ይሸጥ ነበር? ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ በሚያሳዝን ሁኔታ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ከቆላው ጥጥ ወደ ጎንደር ሸማኔዎች ይወጣል። ከሱዳን በኩል የውጭ ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ ይገባል። ዝርዝሩን ስንመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ሩቅ የሚጓዘው ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ የሆነ ዕቃ ነው። እህል ሩቅ አይጓዝም። ምክንያቱ የጭነት እንስሳ ሒሳብ ነው፤ አህያና ግመል ለብዙ ቀን የጫኑትን እህል ነጂውና እንስሳው በመንገድ ላይ ይጨርሱታል። ስለዚህ የመተማ ሰው ለልብሱና ለጌጡ ከዓለም ጋር ይነግድ ነበር እንጂ፣ ለሆዱ ከቀዬው ማሽላ ወዲያ አይመለከትም ነበር። በገዳሪፍ በኩል ያሉት ገበሬዎችም ማሽላቸውን መጥሙራ በተባለ የመሬት ጉድጓድ ውስጥ ለክፉ ዘመን ይቀብሩት ነበር። የአገርን ምግብ መብላት በዚያ ዘመን ምርጫ አልነበረም፤ የመንገዱ ግዴታ ነበር።

ይህ ሥርዓት ግን ከረሃብ አላዳነም፤ እዚህ ላይ በጥንቃቄ ላስረዳ። በ1880 ዓ.ም. ጥር ላይ የመሐዲስቶች ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ በሳር ውሃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል ነስቶ ጎንደር ገባ፤ አቃጠለ፤ ሰውና ከብት ማርኮ ተመለሰ። በዚያው ጊዜ ግድም ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ አገሩን ያዳርስ ጀመር፤ ከከብቱ ከአሥር ዘጠኝ እጁ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ። በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ተዋግተው ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። እኛ ያንን ዘመን «ክፉ ቀን» እንለዋለን። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ደግሞ በሂጅራ አቆጣጠር 1306 ላይ ስለ ዋለ «የስድስት ዓመት» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1889 መሆኑ ነው። በገላባት የሰፈረው ሠራዊትም፣ በገዳሪፍ ያለው ገበሬም፣ በደምቢያ ያለው ገበሬም በአንድ ሰሞን ተራቡ።

ይህ እውነት የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ለየብቻ የሚያስቀምጡት ነው፤ ጦርነቱን በአንድ ምዕራፍ፣ ረሃቡን በሌላ ምዕራፍ፣ የሱዳኑን ረሃብ ደግሞ በሌላ አገር መጽሐፍ ውስጥ። አንድ ላይ ሲነበቡ ሌላ ታሪክ ይወጣል። ደጋና ቆላ፣ ኢትዮጵያና ሱዳን በአንድ የእህል ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። ቆላው ዝናብ ሲያጥረው ደጋው፣ ደጋው ሲከፋው ቆላው ሊደግፈው ይችል ነበር። ጦርነቱ ገበያውን ሲዘጋ፣ ሠራዊቱም ጎተራውንና ጉድጓዱን ሲያራቁት፣ እያንዳንዱ ወገን ብቻውን ተራበ። እንግዲህ የራስን ምርት ብቻ መብላት በራሱ ዋስትና እንዳልነበረ ክፉ ቀን አስተምሮናል። ዋስትና የሚሆነው ጎተራና መንገድ አንድ ላይ ሲኖሩ ነው።

በ1894 ዓ.ም. ግንቦት በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ድንበሩን በወረቀት ላይ አሰመረ። አንዱ ገበያ ሁለት ሆነ፤ መተማ ወዲህ፣ ገላባት ወዲያ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ቆላው የወባ አገር ተብሎ ከሥልጣን ማዕከል ርቆ ቆየ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ፣ በሰቲት ሑመራ ትራክተር ገብቶ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሰፊው መታረስ ሲጀምር ነው። የእርሻው ልማድም ወደ ደቡብ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ መተማ ሜዳ ዘለቀ።

የሰሊጥ እርሻ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሊጥ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል። ፍሬው ሲደርቅ ቅርፊቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለዚህም ከደጋ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ብዙዎቹ ለቆላ በሽታ አዲስ ናቸው፤ ወባና ካላ አዛር ይዟቸው የሚመለሱ፣ ሳይመለሱ የሚቀሩም አሉ። ይህ ሠራዊት መብላት አለበት። የሰሊጥ እርሻ ባለቤት ከሰሊጡ ጎን ማሽላ የሚዘራው መሬቱን ለማፈራረቅ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛውን ለመቀለብም ነው። ማሽላው ሰሊጡን አበላ ማለት ይቻላል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው የደርግ ዘመን ለርእሳችን የራሱ ትምህርት አለው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር፤ ነጋዴ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እህል እንዳያንቀሳቅስ በየኬላው ይታገዳል። ይህም ራሱ «እህል ባለበት ይቀመጥ» የሚል የአገር ምርት ፖሊሲ ነበር ሊባል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ትርፍ ባለበት ዋጋው ወደቀ፣ እጥረት ባለበት ዋጋው ናረ። በ1977ቱ ረሃብ በተለይ ወሎና ትግራይ ሲያልቁ፣ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ሊሄድ የሚችለው እህል በኬላ ታስሮ ነበር። ገደቡ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «የራሳችንን እንብላ» የሚለው ቃል በአስገዳጅ እጅ ሲገባ ረሃብን ሊያባብስ እንደሚችል መካድ አንችልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ። ባለሀብት መሬት ተከራይቶ ወረደ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የክልሉ የሰፈራ መርሐ ግብር መሬት የጠበበባቸውን የደጋ ገበሬዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ አወረደ። በጤፍና በገብስ ያደጉ ሰዎች ማሽላ መዝራትና ሰሊጥ መሸጥ ተማሩ። በቋራና በመተማ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ጉሙዞችም ደናቸው ወደ እርሻ ሲለወጥ ተመለከቱ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ሰሊጥም ብዙ ሳይቆይ በዚያው እንዲገበያይ ተደረገ። የሑመራና የጎንደር ሰሊጥ በዓለም ገበያ የራሱ ስም አለው፤ ቻይና ትልቋ ገዢ ስትሆን፣ በእስራኤል ጣሂና የሚያመርቱ ሰዎች «ሑመራ» የሚለውን ስም ከእኛ ከተሜዎች በተሻለ ያውቁታል። የቅባት እህል ከቡና ቀጥሎ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ባዶው ጀሪካን እንመለስ። በዚያው ዘመን አገሪቱ የምግብ ዘይቷን አብዛኛውን ክፍል ከውጭ፣ በተለይ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በሚመጣ የፓልም ዘይት ትሸፍን ነበር። መንግሥት በድጎማ ያስገባውን ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲያከፋፍል፣ የሰሊጥ አምራቹም ቤተሰብ ሰልፍ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ፤ ይሁንና የቅባት እህል አቅርቦት በበቂ ስላልተገኘ ከውጭ በሚመጣ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ላይ መመርኮዝ ግድ ሆነ።

የኢኮኖሚክስ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ እጃቸውን ያነሣሉ፤ መብታቸውም ነው። ክርክራቸውን በሙሉ ኃይሉ ላቅርበው። የሰሊጥ ዘይት ውድ ነው፤ የፓልም ዘይት ርካሽ ነው። ውድን ሸጦ ርካሽን መግዛት ብልህነት ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ሰሊጥ ሽጦ ብዙ ኩንታል ማሽላ ሊገዛ ይችላል፤ ታዲያ ለምን በዚያው መሬት ማሽላ እየዘራ በድህነት ይኑር? ደግሞስ ንግዱ ወዲህና ወዲያ አይደለምን? በድንበሩ በኩል የደጋችን ባቄላ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ የሱዳን ሕዝብ ጠዋት ጠዋት የሚበላው ፉል ከሚሠራበት ባቄላ ውስጥ የእኛ ገበሬ ምርት አለበት። በመተማ ምግብ ቤት ተቀምጠን «የሱዳን ምግብ» ብለን ፉል ስናዝዝ የምንበላው የጎጃም ወይም የጎንደር ባቄላ ሊሆን ይችላል። በሌላ ወገን ደግሞ በአማራ ክልል ገበያዎች ሽንኩርት ሲወደድ የሱዳን ቀይ ሽንኩርት በመተማ በኩል ይገባል፤ የፎገራ አምራች ያማርራል፣ የባሕር ዳር እናት ግን እፎይ ትላለች። ይህን መረብ በአገር ፍቅር ስም መበጠስ ማንን ይጠቅማል?

ይህ ክርክር በተለመደ ዓመት ትክክል ነው። እኔም በተለመደ ዓመት ተቃውሞ የለኝም። የታሪክ ሰው ሥራ ግን ያልተለመዱትን ዓመታት መቁጠር ነው፤ በዚህ ቆላ ደግሞ ያልተለመዱት ዓመታት ብዙ ናቸው። የሰሊጥ ዋጋ የሚቆረጠው ገበሬው በማያየው ገበያ ነው። የማሽላና የጤፍ ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ በክረምት፣ መንገድ ሲዘጋና ጎተራ ሲሟጠጥ ነው። ሸጦ መግዛት የሚያዋጣው ሁለቱ ዋጋዎች በአንድ ጊዜ ሳይከዱት ሲቀሩ ብቻ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ዘይት ካልሆነ ወይም ካልተሸጠ ለአፍ ብዙ አይረባም፤ ሰው ከሰሊጥ እንጀራ አይጋግርም።

የደሴት ምሳሌ ላምጣ። ሞሪሸስ በቅኝ ግዛት ዘመን መሬቷን ለሸንኮራ አገዳ ሰጥታ፣ ሩዟን በመርከብ ከበርማና ከሕንድ ታስገባ ነበር። በስኳር ገቢ ሩዝ መግዛት ለረጅም ጊዜ አዋጣት። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ ግን የሩዙ ምንጭ ተቋረጠ፤ የደሴቲቱ አስተዳደርም የስኳር እርሻዎች ከመሬታቸው ከፊሉን ለምግብ ሰብል እንዲያውሉ አስገደደ። አገዳ የለመደ መሬትና ሰው በአንድ ክረምት ወደ ምግብ እርሻ አይዞርም፤ ችግሩ ጠና። ሞሪሸስ ከጦርነቱ በኋላ ንግዷን አልተወችም፤ መተውም አልነበረባትም። ትምህርቱ በሩ ሲዘጋ የሚያሻግር ነገር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት የሚል ነው።

ለእኛም በሩ በቅርቡ ደጋግሞ ተዘግቷል። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ግድም የሱዳን ጦር የአል ፈሽቃን መሬት ሲይዝ፣ በምዕራብ አርማጭሆ በኩል የሚያርሱ ብዙ ገበሬዎች የዘሩትን ሳያጭዱ ቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ፤ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሕይወታቸውን ለማዳን የሸሹ ሰዎች ጎረፉ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቋቋሙ። ትናንት ሽንኩርት ይልክልን የነበረ ሕዝብ ዛሬ እንጀራችንን ሊካፈል መጣ። በአገራችንም ውስጥ የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የተከተለው አለመረጋጋት ከደጋ የሚወርደውን መንገድ አስቸጋሪ አድርጎታል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ ሃያ ኩንታል ሰሊጥ ሊኖር፣ በዚያው ቤት ግን እራት ሊጠፋ ይችላል። ይህ ሀብታም ረሃብ ነው፤ በስታቲስቲክስ ላይ የማይታይ፣ በጓዳ ውስጥ ብቻ የሚታይ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ቃል የገባሁትን መለኪያ ላስቀምጥ። አንድ ምግብ ለአንድ አካባቢ «የራሱ» የሚሆነው በሦስት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ጎተራ ነው፤ ቤተሰቡም ወረዳውም ቢያንስ ክረምቱን የሚያሻግር ማሽላ ከመሸጡ በፊት ለይቶ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ማሽላ ነቀዝ ይፈራልና ይህ ያለ ጥሩ ማከማቻ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው መጭመቂያ ነው። በሱዳን በኩል ግመል እየዞረች ሰሊጥ የምትጨምቅበት አሮጌ መሣሪያ ለትውልዶች አገልግሏል፤ ዛሬ በትንሽ ሞተር የሚሠራ መጭመቂያ በየከተማው ቢኖር፣ አብርሃ ጅራ ሰሊጧን ሁሉ ለራሷ ታስቀር ማለቴ አይደለም፤ መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት የራሷን ወጥ ዘይት ግን አትለምንም። ተረፈ ምርቱ ፋጉሎም ለከብቷ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ደጋን ከቆላ፣ ቆላን ከድንበር ማዶ የሚያገናኝ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድና ሰላም ያለው መንገድ። ክፉ ቀን ያስተማረን፣ ጎተራ ያለ መንገድ እንደማይበቃ ነው። የአብርሃ ጅራ ክረምት የሚያስተምረን ደግሞ መንገድ ያለ ጎተራ እንደማይበቃ ነው። አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለታቸው ለዚህ ቆላ የተነገረ ይመስላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመጨረሴ በፊት አንድ አደራ ልስጣችሁ። ስለ መተማ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የጦርነት ታሪክ ነው። የንጉሡን አሟሟት እናውቃለን፤ የሠራዊቱን ስንቅ ማን እንደ ፈጨ አናውቅም። የሰሊጥን የወጪ ንግድ መጠን በየዓመቱ እናነባለን፤ ሰሊጥ አምራቹ በነሐሴ ምን እንደ በላ የመዘገበ የለም። በቆላው ከተሞች የሚኖሩ አረጋውያን፣ መንገድ በተዘጋባቸው ክረምቶች ምን ተበላ፣ ማን ለማን አበደረ፣ ማሽላው እንዴት ከነቀዝ ተጠበቀ ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱን በቃል ይዘውታል። ያ ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር ወደ መዝገብ ቤታችን እንዲገባ የእናንተ ብዕር ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ በአብርሃ ጅራ ዋልካው ደርቆ የመጀመሪያው መኪና ሲገባ፣ ሕፃናት እየጮኹ ተከትለውት ሮጡ። ከጭነቱ ውስጥ የፓልም ዘይት ጀሪካኖችም ነበሩበት። ያረፍኩባቸው እናት አንድ ገዙ፤ ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ አለኝ። መኪናው ሲመለስ ደግሞ ከጆንያዎቻቸው የተወሰኑትን ጭኖ ሄደ። ከመጫኑ በፊት ግን እናትየው አንዱን ጆንያ በእጃቸው መታ መታ አድርገው ወደ ጓዳ እንዲመለስ አዘዙ። «ይኼስ ለምን ቀረ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ክረምት ይመለሳል፣ መምህር» አሉኝ። እኔ በዚህ አዳራሽ ለአንድ ሰዓት ያህል ያልኩትን እሳቸው በሦስት ቃል ጨርሰውታል።